ድምፁ ያንተ እንዳልነበረ

አባዬ፣

ከተለየኸን አራተኛው ፋሲካ አለፈ። በሰው ፊት አንቱ፣ ጓዳ ስንገባ ደግሞ አንተ እልህ ነበር፤ ይህን የምጽፍልህ በጓዳው አነጋገር ነው። ሌላ ሰው ቢያነበውም ግድ የለኝም። እንዲያውም እንዲነበብ እፈልጋለሁ፤ ስምህ የተነሳው በሰው ፊት ነውና እውነቱም በሰው ፊት ቢነገር ይሻላል።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደኅና ናት። ብርዱ ጉልበቷን ይነካካታል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የላትም። ክረምቱን እንኳ ማርቆስ እኔ ዘንድ እንድታሳልፍ ብለምናት ከሮብ ገበያ ቤቴ ንቅንቅ አልልም ብላለች። ወንድሜ ደሳለኝ የጓሮውን ባሕር ዛፍ አስቆርጦታል፤ አሁን ደጃፍ ላይ ሲቆሙ የጮቄ ተራራ ወለል ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ኋላ ለመድኩት። ቀዩ በሬ አርጅቶ ተሸጠ። ድንቹ መልካም ነው፤ ገብሱን ግን ውርጭ መታው። የቤቱን በር ዛሬም አንቀረቅረውም። አንተ እያለህ፣ በዚያ ብርድ በሩ ለምን ገርበብ እንደሚል ስንጠይቃት፣ እማዬ አባታችሁ በተዘጋ ቤት እንቅልፍ አይወስደውም ትለን ነበር። አሁን አንተ የለህም፤ እሷ ግን መቀርቀሪያውን ነክታው አታውቅም።

እኔም ያችኑ ኮፒ ቤቴን ይዤ አለሁ። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ፣ የሠርግ ጥሪ አትማለሁ። ባለፈው ዓመት የቀለም ማተሚያ ጨምሬያለሁ። የጋሼ ምናሉን የምርጫ ወረቀት ያተምኩት በሱ ነው።

የተነሳሁትም የጋሼ ምናሉን ነገር ልነግርህ ነው። ሁልጊዜ እሳቸው ስል ታውቀኛለህ። አሁን እጄ እሱ ብሎ ይጽፋል። ልሰድበው ፈልጌ አይደለም፤ ብቻ ያቺ አክብሮት ከአፌ ጠፍታብኛለች።

አንተ የምታውቀውን መልሼ ስነግርህ አትታዘበኝ፤ የማያውቁም ያነቡታልና ከሥሩ ልጀምር። ሱማሌ የወረረን ጊዜ አንተና ጋሼ ምናሉ ከወረዳችን ከስናን በአንድ መኪና ተጭናችሁ ዘመታችሁ። በአንድ ቀን ተማረካችሁ። ከአሥር ዓመት በላይ በሱማሌ በረሃ ታስራችሁ ስትመለሱ፣ አያቴ ያንተን ተዝካር አውጥታ ኀዘኗን ጨርሳ ነበር። አንተን ደጃፍ ላይ ስታይ መጀመሪያ ያለችው እግዚኦ እንጂ እልል እንዳልነበረ ራስህ እየሳቅህ ነግረኸናል። ከዚያ ሁለታችሁም ሚስት አገባችሁ፣ ጎን ለጎን አረሳችሁ። እኔ ስወለድ የጋሼ ምናሉ ሚስት እትዬ ጥሩወርቅ ክርስትና አነሱኝ፤ በዚያ አበልጅ ሆናችሁ። እሱ ውሎ አድሮ የኅብረት ሥራው ሊቀ መንበር ሆነ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ሸንጎ ላይ ሲናገር ሰው የሚያዳምጠው። አንተ ዝምተኛ ነበርክ። ሠርግ ላይ እንኳ ምረቃ ሲጠይቁህ «ምናሉ ይናገርልኝ» ትል ነበር።

የቀበርንህ ዕለት የተናገረልህም እሱ ነው። ከአንድ ጣሳ የጠጣነውን ወንድሜን አያሌውን፣ የራሴን ግማሽ ነው የቀበርኩት አለ። ሰዉ ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ እማዬን ሳይጠይቅ ያለፈበት ሳምንት የለም። ጣራው ሲያፈስ ሰው አምጥቶ ያስጠገነው እሱ ነው፣ እኔ ስታመም በሚኒባስ ማርቆስ ድረስ ማር ይዞ የመጣው እሱ ነው። ይህን የምነግርህ እንዴት እንደወደድነው እንድታውቅ ነው። ካንተ በኋላ አባት አለኝ ብዬ ነበር።

ስለ ራዲዮው የነገርከኝ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ጋሼ ምናሉን «የሱማሌ ራዲዮ» ብሎ ሲሰድብ ሰምቼ ተናድጄ መጣሁ። አንተ ድንች ትቆፍር ነበር። መቆፈሪያህን አስደግፈህ የድንበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥክና ሳትቸኩል ነገርከኝ። ምርኮ ከገባችሁ ትንሽ ቆይቶ ተቅማጥ ያዘህ። ከጎንህ የተኙ ልጆች በዚያው በሽታ ሞተው ሲወጡ አይተሃል። የእስር ቤቱ አዛዥ ደግሞ አማርኛ አጥርቶ የሚያነብ ሰው ይፈልግ ነበር፤ በራዲዮ ቀርቦ የገዛ አገሩን ጦር ወራሪ የሚል፣ ወታደሩን መሣሪያህን ጣል የሚል ሰው። እየተደበደቡ እንቢ ያሉ ብዙ ነበሩ። ጋሼ ምናሉ የቄስ ትምህርት የተማረ፣ ድምፁ የጠራ ስለነበረ ጠየቁት፤ እሱም እንደ ሌላው እንቢ ብሎ ተገርፏል። አንተ መነሳት ያቃተህ ዕለት ግን በገዛ እግሩ ሄደና አነባለሁ፣ መድኃኒት ስጡኝ አላቸው። አነበበም። ኪኒኑን አመጣልህ፤ የዱቄት ወተት በጥብጦ በማንኪያ አጠጣህ። ከዚያ በኋላ እስረኛው ሁሉ ሲሸሸው ከሱ ጋር ማዕድ የቆረስክ አንተ ብቻ ነበርክ።

ታዲያ አገሩን ከድቷል ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁህ። ልጅ ነበርኩ፤ አዎ ወይም አይደለም እንድትለኝ ነበር የፈለግሁት። አንተ ግን እንደ ወትሮህ ስሜን አሳጥረህ ጠርተህ እንዲህ አልከኝ፦

«ይታይ፣ የታሰረ ሰው አፉ የራሱ አይደለም። ተፈትቶ የሚናገረው ነው የራሱ።»

ከዚያ መቆፈሪያህን አንስተህ ሥራህን ቀጠልክ። ለማንም እንዳትነግሪ አላልከኝም፤ የሚወራ እንዳልሆነ ግን ገባኝ።

ዘንድሮ ጋሼ ምናሉ ለክልሉ ምክር ቤት በግሉ ልወዳደር ነው ሲል እንግዲህ ማን እንደ እኔ ደስ ይበለው? ወረቀቱን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ለአገሩ ሲዋጋ ተማርኮ በባዕድ እስር ቤት የማቀቀ፣ ከተመለሰም በኋላ ሕዝቡን ያገለገለ ብዬ ነው የጻፍኩት። ከዚህ ውስጥ ሐሰት የለበትም። በየቤቱ እየዞርኩ አደልኩ። ወጣቶቹ ወደዱት፤ ወደ ጮቄ የሚወጣው መንገድ ይሠራል፣ ለስናን ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ይጨመራል እያለ ሲናገር እኔም አመንኩት። አሁንም ቢሆን ያን ሲል የዋሸ አይመስለኝም።

የተፎካካሪው ሰዎች የቆየውን ወሬ ሲቀሰቅሱ ሰማሁና ሄጄ ነገርኩት። ቢጠይቁዎት እውነቱን ይናገሩ፣ ሰዉ ይረዳዎታል፣ እኔም አጠገብዎ ቆሜ አባቴ የነገረኝን እመሰክራለሁ አልኩት። ራሴን ዳበስ አደረገኝና ያ ያለፈ ነገር ነው ልጄ አለኝ። እኔም አሰበበት ብዬ ተመለስኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከስናን ወጥተው ማርቆስ የሚኖሩትን አዳራሽ ሰበሰበ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወረቀቶቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ንግግሩ አልቆ ጥያቄ ሲባል፣ ከሉማሜ ዘመድ ጥየቃ የመጡ አቶ ዘውዱ የሚባሉ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። እሳቸውም የሱማሌ ምርኮኛ ነበሩ፤ የታሰሩት ግን ከእናንተ ሌላ ቦታ ነው። ቁጣ አልነበረባቸውም። ሰው አገር ወዳድ መሆኑ የሚታወቀው ጠግቦ ባንዲራ ሲይዝ ሳይሆን በጠላት እጅ ሲወድቅ ነው አሉ። እኛን በድምፅ ማጉያ በሚለቀቅብን ራዲዮ አንድ አማርኛ የሚናገር ሰው መንግሥታችሁ ረስቷችኋል፣ ለማን ብላችሁ ነው የምትሞቱት እያለ ልባችንን ያደማው ነበር፤ የስናን ልጅ ነው ሲባል ሰምተናል፤ እርስዎ ነበሩ ወይ ብለው ጠየቁት።

ጋሼ ምናሉ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ አይዞህ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁለት። ይናገር፣ እኔም እነሳለሁ ብዬ ወረቀቶቹን ከጭኔ አውርጄ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ከእኔ አነሳና ማይክራፎኑን ጠጋ አለ።

«ሙት አይወቀስም ብዬ እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ» አለ። «ያ ድምፅ የእኔ አልነበረም። የወንድሜ የአያሌው ነበር። ታሞ ነበር፣ ለመድኃኒት ብሎ ነው። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ፤ እናንተም ይቅር በሉት።»

አባዬ፣ አጨበጨቡለት። ይህን ነው መርሳት ያቃተኝ። ለወዳጁ ገመና ሲል ይህን ሁሉ ዘመን ወሬውን በራሱ ተሸክሞ የኖረ ሰው ነው ብለው አጨበጨቡለት። አቶ ዘውዱም ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠየቁት። እኔ ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ። ጭብጨባው ሲያልቅ በጎን በር ወጣሁና ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። የቀሩትን ወረቀቶች እዚያው ወንበሩ ላይ ተውኳቸው።

ወሬው ሮብ ገበያ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። እሑድ ሰንበቴ ላይ አንዷ ባልቴት እማዬን እቅፍ አድርገው፣ አይዞሽ፣ ርሃብ ነው ያናገረው፣ እግዜር ይምረዋል አሏት። ስድብ ቢሆን ትመልስ ነበር። ለደግነት ምን ይመለሳል? ቤቷ ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣ አገኘኋት። አንተ ስለ ራዲዮው ለእሷም ነግረሃት ኖሯል፤ እኔ አላውቅም ነበር። ስታየኝ «የሰጠውን ኪኒን መልሶ ወሰደው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አላለቀሰችም።

ከጋሼ ምናሉ ይልቅ ያልጠበቅሁት ደሳለኝን ነው። ልጅህ ወረዳው ቢሮ ነው የሚሠራው፣ ሰውንም ነገርንም ያውቃል። ሁሉንም ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣ አባዬ ሞቷል፣ ምንም አይጎዳውም፤ ሰውየው ካሸነፈ ግን መንገዱ ይሠራል፣ ደግሞም የሚያውቀን ሰው ወንበር ላይ ቢኖር ለሁላችን ይጠቅማል አለኝ። ዝም በይ አላለኝም፤ ብቻ ምርጫው እስኪያልፍ አለ። ከአንድ ማሕፀን የወጣን ነን ወይ ብዬ አየሁት። አንተ ስትሞት የሬሳ ሣጥንህን ፊት ለፊት የተሸከሙት ደሳለኝና ጋሼ ምናሉ ነበሩ።

በማግስቱ ጋሼ ምናሉ ቤት ሄድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ እንደ ወትሮው ግንባሬን ስመው አስገቡኝና ከባላቸው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ቁርስ ቅረቢ ብሎኝ ነበር፤ አልበላሁም። ለምን አልኩት። ለመካድ አልሞከረም። ለካ በቤቱ ውስጥ ሐቀኛ ነው። ልጄ አለኝ፣ አንቺ ሰውን አታውቂውም፤ ለወንድሜ መድኃኒት ብዬ ነው ብል ግማሹን እንኳ አይሰሙኝም፣ ራዲዮ የምትለዋን ቃል ብቻ ይዘው ነው የሚሄዱት። አያሌው ከእንግዲህ የሚያጣው የለም፣ እኔ ግን በሕይወት አለሁ፣ የምሠራው ሥራ አለኝ አለ። በመጨረሻም ይህን ጨመረ፦

«አባትሽ ቢኖር ራሱ በእኔ አድርገው ይለኝ ነበር። ታውቂዋለሽ።»

የደነገጥኩት እውነት ስለሆነ ነው፣ አባዬ። ትለው ነበር። አውቅሃለሁ፤ ምናሉ በእኔ አሳብብ ብለህ ሳቅ ትል ነበር። እሱም ይህን አውቆ ነው ያደረገው። ያንተን ደግነት ቆጥሮ፣ ተማምኖበት ነው የሸጠህ።

«ይልዎት ነበር፣» አልኩት። «እርስዎ ግን አልጠየቁትም። በሕይወት ሳለ መጠየቅ ይችሉ ነበር።»

ድንች ስትቆፍር የነገርከኝንም ነገርኩት፤ የታሰረ ሰው አፉ የራሱ አይደለም፣ ተፈትቶ የሚናገረው ነው የራሱ ያልከውን። ፊቱ ተለዋወጠ። እንደዚያ ማለትህን አያውቅም ነበር። ምርጫው ይለፍ፣ በኋላ እናወራለን አለኝ። የደሳለኝን ቃል ነው የተናገረው። እትዬ ጥሩወርቅ እስከ አጥር በር ሸኙኝ፤ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ትልቁ ስብሰባ ሮብ ገበያ ነበር፤ ገበያው ዳር ባለው ሜዳ ላይ፣ በገበያ ቀን። እናገራለሁ ብዬ ስነሳ እማዬም እመጣለሁ አለች። ይበርድሻል ብላት አልሰማችኝም። ያን ሰማያዊ ካፖርትህን ደረበችና መቋሚያዋን ይዛ ወጣች። ሰዉ እህሉን ሸጦ፣ አህያውን አስሮ ቆሟል። ጋሼ ምናሉ ፒክአፕ ላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያ ይናገራል፤ እትዬ ጥሩወርቅ ጋቢና ተቀምጠዋል። ስለ መንገዱ ተናገረ፣ ስለ ማዳበሪያ ተናገረ። ጥያቄ ሲባል እጄን አወጣሁ። ስብሰባውን የሚመራው ልጅ ደንበኛዬ ነው፤ ደጋፊ ናት ብሎ ማይክራፎኑን ፈጥኖ ሰጠኝ።

የአያሌው ልጅ ነኝ ብዬ ጀመርኩ። ከሃዲ አላልኩትም። አንተ እንደነገርከኝ አድርጌ ነው የነገርኳቸው፤ እንዴት እንደታመምክ፣ እንዴት መጀመሪያ ተገርፎ እንቢ እንዳለ፣ አንተ ስትወድቅ እንዴት ሄዶ እንዳነበበ። አባቴ በዚህ ሰው ድምፅ ነው የዳነው አልኩ። እኔም የተወለድኩት በዚያ ድምፅ ነው። አባቴ በዚያ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰውም፣ እኔም አልወቅሰውም። የምወቅሰው አሁን ማንም ሳይገርፈው በተናገረው ነው አልኩና ማይክራፎኑን መለስኩ።

ጋሼ ምናሉ ከመኪናው ላይ በሐዘኔታ አየኝ። ይህቺ ልጅ ልጄ ናት አላቸው፤ አባቷን ስለምትወድ ነው፣ ኀዘን ነው የሚያናግራት፣ አትፍረዱባት አለ። ሰዉ መልሶ ወደ እሱ ሲያጋድል ታየኝ። አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠልኝ። እንደ እማዬ እኔንም በደግነት ሊቀብሩኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ያኔ እማዬ መቋሚያዋን እየተከለች ወደ መኪናው ሄደች። በሰው መካከል ተናግራ እንደማታውቅ ታውቃለህ። ጋሼ ምናሉን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ጋቢናው ዘንድ ደርሳ በመስኮቱ በኩል እትዬ ጥሩወርቅን ተመለከተች።

«አበልጄ፣» አለቻቸው፣ «ልጄን ክርስትና አንስተሻል። አንቺ ንገሪኝ። ድምፁ የአያሌው ነው?»

ማጉያ አልያዘችም፤ ግን በአቅራቢያዋ የነበረው ሁሉ ሰማ፣ ከኋላ ያለውም ምን አለች እያለ ተጠጋ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ጋሼ ምናሉ ከላይ ስማቸውን ጠራ። እሳቸው ግን በሩን ከፍተው ወረዱና እማዬ ፊት ቆሙ።

«የባሌን ነገር እግዜር ያውቃል» አሉ። «አያሌው ግን አይደለም፣ አበልጄ። አያሌው አይደለም።»

ከዚያ ሁለቱ እንደ ለቅሶ ቤት ተቃቅፈው ቆሙ። ጋሼ ምናሉ ማይክራፎኑን ይዞ ቀረ። በአጠገቤ የቆሙ አንድ የማላውቃቸው ገበሬ፣ ለወንድሙ መድኃኒት ብሎ ላነበበው ማን ይፈርድበት ነበር፣ ያን ቢነግረን እንሾመው አልነበር ወይ አሉ። ለራሳቸው ነው የተናገሩት። እኔ ግን ሰማኋቸውና ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። እንዳልኩት ነበራ። ሰዉ ይረዳው ነበር። አጠገቡ ቆሜ ልመሰክርለት ነበር።

ምርጫውን ተሸነፈ። ማርቆስም ሮብ ገበያም የመረጡት ነበሩ፤ አልበቃውም። ደሳለኝ ለብዙ ጊዜ አኮረፈኝ። መንገዱን አሳጣሽን አለኝ እንጂ አባታችንን አዳንሽ አላለኝም። አሁን እንነጋገራለን፤ ስለዚህ ነገር ግን አናነሳም። አቶ ዘውዱ ወሬውን ሰምተው ከሉማሜ በአውቶቡስ መጥተው ሱቄን እየጠየቁ አገኙኝ። ደጃፉ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በማላውቀው ሙት ላይ አጨብጭቤያለሁ፣ ይቅር በይኝ አሉኝ። ቁጭ ብለን ሻይ ጠጣን። በእሳቸው እስር ቤት ስንት ብርቱ የተባለ ሰው በርሃብ ጊዜ ምን እንዳደረገ ነገሩኝ። እሳቸውም ያደረጉትን ነገሩኝ። ሲሄዱ እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ዳግም ሰው አልጠይቅም አሉኝ። እኔ ግን ጥያቄው አልነበረም ጥፋቱ አልኳቸው።

ሐምሌ ገብርኤልን እማዬ እንደ ሁልጊዜው ዘከረች። በእስር ቤት ሳላችሁ በሕይወት ብንወጣ ብላችሁ አንተና ጋሼ ምናሉ በአንድነት የተሳላችሁት ዝክር ነውና እሱ አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅም። ዘንድሮ አይመጣም ብለን ነበር። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሰዉ ማዕድ ሊቀርብ ሲል፣ በዝናቡ ውስጥ አጥሩ ሥር ቆሞ አየነው። ጃንጥላ እንኳ አልያዘም። ደሳለኝ ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ወደ እማዬ። እማዬ «የገብርኤል ደጅ ነው፣ ይግባ» አለች።

ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። በጣም ከስቷል። ለእንግዳ እጅ የማስታጥበው እኔ ነኝና ማስታጠቢያውን ይዤ በየተራ እያስታጠብኩ እሱ ዘንድ ደረስኩ። እጆቹን ዘረጋ። በነዚህ እጆች ነው ወተቱን በማንኪያ ያጠጣህ። ውሃውን አፈሰስኩለት። ይታይ አለኝ በቀስታ፣ ይቅር በይኝ። እሱ እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ፎጣውን ሰጠሁት፣ ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ።

አልመለስኩለትም፣ አባዬ። እማዬ ከጊዜ በኋላ ይመጣልሻል ትላለች። አንተ ብትሆን በዚያች ደቂቃ ትስመው ነበር። አንተ የተበደልከው ስትኖር አይደለምና ላንተ ቀላል ነው ብዬ ባንተም ጥቂት እቆጣለሁ፤ አትቀየመኝ። እኔን የበደለኝ ሰው የማላውቀው ጠላት አልነበረም። ካንተ በኋላ አባዬ ልለው የቀረኝ ጥቂት ነበር።

ብዙ ሰው አሁን ሲያየኝ አባትሽ ጀግና ነበር፣ እንቢ ያለ ነበር ይለኛል። እኔ አርማለሁ። ጀግናም እንቢ ባይም አልነበረም፤ ታሞ የተኛ፣ መድኃኒቱን የዋጠ፣ ያዳነውንም እስከ ዕለተ ሞቱ ያልካደ ሰው ነበር እላቸዋለሁ። እንደዚያ ሆነህ ነው በልቤ የምትኖረው፤ ከዚያ በላይ አላደርግህም፣ ከዚያ በታችም ማንም እንዲያደርግህ አልተውም። የጋሼ ምናሉንም አልረሳም። የመጀመሪያውን አንተ እንደነገርከኝ፣ ሁለተኛውን እኔ እንዳየሁት፣ ሁለቱንም ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ። አንዱን አስቀርቼ አንዱን ብነግር እኔም እንደሱ ሆንኩ ማለት ነው።

ልጅህ ይታይሽ፤ ደብረ ማርቆስ